ለዛፍ የተነገረ ውሸት

ዱካሞ ነው ያመጣት፣ ከሁላ ደጋ ነቅሎ፣
በሚኒባስ ወንበር ላይ፣ በርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ።
«የሁለት ሰው ከፈልኩ» አለኝ፣ ላቡን እየጠረገ፣
ረዳቱ ጭራሽ እሷንም፣ ተሳፋሪ አደረገ።
ፕሪም ናት፣ ከደቃቁ ዘር፤ ፍሬዋ ብይ ያህላል፣
ቆዳው ጥርስ ያጠርሳል፣ ሆዱ ግን ማር ማር ይላል።

ጓሮዬ ጥግ ተከልኳት፣ ክንድ ከስንዝር ቆፍሬ፣
ያደረ ፍግ ከአመድ ጋር፣ የሐይቅ አሸዋ ጨምሬ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣
የክር ማሽን ጠጋኝ ነበርኩ፣ የማምነው ነገር ሲለካ።
ስለዚህ ቁመቷን ጻፍኩ፣ በየወሩ በደብተር፦
ጥቅምት፣ አንድ ሜትር ከአርባ። ሚያዝያ፣ ሊሞላ ሁለት ሜትር።
በአራተኛው ዓመት ግንዷ፣ ከእጄ አንጓ ወፈረ፣
‹አበባ› ያልኩት ዓምድ ግን፣ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ቅጠል ብቻ። ቅጠል። ቅጠል።

ጎረቤቴ ሻሺቱ፣ በአጥር አንገቷን አውጥታ፣
«ቁረጥና አቮካዶ ትከል» አለችኝ አንድ ማታ።
«ፍሬ የላት፣ ጥላ የላት፣ ምኗን ትጠብቃለህ?
አባ ኮዳ እንኳ የናቃትን፣ አንተ ውሃ ታጠጣለህ።»

ለዱካሞ ደወልኩለት። ሳቀ። መስመሩ ተቆራረጠ፣
በዚያ በኩል ነፋስ ይሰማል፣ ጋቢውን እየገለጠ።
«ሐዋሳ ሌሊቱም ቀን ነው፣ የሐይቁ ትንፋሽ ይሞቃል፣
የደጋ ልጅ ያለ ውርጭ፣ መቼ መተኛት ያውቃል?
ብርድ ነው የጎደላት» አለኝ፤ «ያለ ብርድ እንቅልፍ የላትም፣
ካልተኛች ደግሞ፣ ወንድሜ፣ መንቃትን አታውቅበትም።»

በማግስቱ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሻጮቹ ጋ ወረድኩ፣
ከቆሮሶው ሥር ያለውን፣ ግማሽ ኬሻ በረዶ ተሸከምኩ።
ሥሯ ላይ ደፋሁላት፤ ቀለጠ ገና ሳልነሣ፣
ሦስት ቀን ሙሉ ጓሮዬ፣ ሸተተ ዓሣ ዓሣ።
ደስ ያላት የሻሺቱ ድመት ብቻ ነበረች።

«ዋሻት» አለኝ በሁለተኛው፣ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣
«ውርጭ የመጣ ይምሰላት፤ ታምናለች፣ ዛፍ ናትና።
ውሃ ከልክላት ወር ሙሉ፤ ከዚያ ቅጠሏን አንድ በአንድ
ሸምጥጥ፣ እጅህ አይዘን፤ ራቁቷን ትቁም እንደ ግንድ።»

ኅዳር ላይ ውሃ ነሣኋት፣ በርሜሉ ሞልቶ አጠገቧ፣
ቅጠሏ ጫፉ ሲኮማተር፣ የከፋ መሰለኝ ልቧ።
ታኅሣሥ፣ ቅዳሜ ጧት፣ የልጅ ልጄ ቡሪቄ መጣች፣
የታች የታቹን ቅጠል፣ እየቆጠረች ሸመጠጠች።
«ያማታል?» አለችኝ።
ዝም አልኩ።
ሰባት መቶ ሁለት ላይ ቁጥር ጠፋባትና ተወችው።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት፣ ቱታዬን፣ የሣጥኔን ቁልፍ፣
መታወቂያዬን መለስኩ፤ ቀረሁ እንደዚህ ቅርንጫፍ።
«ማነው እኔንስ» ብዬ፣ ለራሴ ሳቅ ሳቅ አለኝ፣
«ብርድ መጣ ብሎ ሸምጥጦ፣ ለበጎ ያታለለኝ?»

ጥር ሲገባ ውሃ ሰጠኋት፣ ሥሯን በፍግ አልብሼ፣
ከዚያ በየማለዳው ቆምኩ፣ መፋቂያዬን ነክሼ።
አሥራ ዘጠነኛው ቀን ላይ፣ እንደ ጤፍ ያለ ነጠብጣብ፤
ከዚያ እንደ ሩዝ፤ ከዚያ ነጭ፤ ከዚያ ዙሪያዋን ንብ በንብ።
ቅጠል ሳይኖር አበባ!
ሻሺቱ አጥሩን ተደግፋ አፏን በእጇ ያዘች፣
ስለ አቮካዶ ያን ቀን ምንም ነገር አላለች።

‹አበባ› ሥር ጻፍኩ፦ ኀምሳ ያህል።
‹ፍሬ› ሥር፦ ሰባት።
አንዱን ወፍ ቀደመችን። ሁለቱን ቡሪቄ፣ ገና ሳይቀሉ።
ዱካሞ በስልክ፦ «ብቻዋን ለቆመች ሰባትም ብዙ ነው፤
ሌላ ፕሪም በቅርቧ ይቁም፣ ንቧ የምትመላለስበት።»
ሻሺቱ አንዱን በአጥር ተቀብላ፣ ዓይኗን ጨፍና በላች፣
ዘሩን ግን አልተፋችም፤ በጉንጯ ይዛ ገባች።

ትናንት ከአጥሩ ወዲያ፣ የዶማ ድምፅ ሰማሁ፤
ክንድ ከስንዝር ይሆናል፣ ብዬ በጆሮዬ ለካሁ።